ንጹሕ የተባለው ቤት

ራዶይካ የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀች፤ ዙሪያውን በመሐረብ ጠረገች፤ ከዚያም ሙቀቱ እንዳይወጣበት በሟች ባሏ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ከተተችው። ጠርሙሱ ትንሽ ነው፤ ቀድሞ የፕሪም አረቄ ይቀመጥበት ነበር። ሐኪሞቹ አረቄ ሸተተን እንዳይሉ ሦስት ጊዜ በፈላ ውኃ አጥባዋለች።

ልጇ ኔቬና የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፋ ታያታለች።

«እማዬ፣ ይኼ ሦስተኛው ነው» አለች። «ካገባሁ በኋላም በየጠዋቱ እየመጣሁ ልሸናልሽ ነው?»

«ዝም በይ። መስኮቱ ክፍት ነው።»

«ማን ይሰማል? ዶሮዎቹ?»

«ዶሮም ጎረቤት አለው።»

ኔቬና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ሐኪሙ የሚፈልገው እኮ ያንቺን ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ያልሸሸገውም ባል የለውም።»

ልጅቱ እግሯን እየጎተተች ወደ መኝታዋ ተመለሰች። ራዶይካ ካልሲውን ከቅርጫቱ ሥር፣ ከቀዩ ቃሪያ በታች ሸጎጠችና የጠዋቱን አውቶቡስ ልትይዝ ወጣች።

በኮሉባራ ወንዝ ዳር ባሉ መንደሮች ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት መቃብር ይጎበኛል። የወደፊት አማቾች አበባ ይዘው፣ የሞተ ዘመድ ሊያዩ የመጡ መስለው በድንጋዮቹ መሀል ያልፋሉ፤ ልባቸው ግን ዓመት ከዓመት ይቀንሳል። አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሦስት። እንዲህ ያለ ዕድሜ የበዛበት ቤት «የኩላሊት ቤት» ይባላል። ከኩላሊት ቤት ሴት አይወስዱም፤ ለኩላሊት ቤትም ሴት አይሰጡም። ለዚህ ነው የራዶይካ ባል የድራጊሻ መቃብር ላይ የሞተበት ዓመት ብቻ የተቀረጸው። ጠያቂ ሲመጣ «ልቡ ነው የገደለው» ትላለች። ልብ የቤት ስም አያጠፋም።

ከድንጋዩ ይልቅ ቤቱን ያዳነው ግን ጠርሙስ ነው። ራዶይካ ወጣት ሳለች በየሁለት ዓመቱ የሐኪሞች መኪና ከከተማ እየመጣ በብሬስቶቫ ትምህርት ቤት ግቢ ይቆም ነበር። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ቁጥር የተለጠፈበት ጠርሙስ ይታደላል፤ በማግስቱ ይሰበሰባል። ሐኪሞቹ ያላወቁት፣ በብሬስቶቫ ጠርሙስ የሚሞላው ሰው ሳይሆን ቤት መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ቤት ሽንቱ የታመነ አንድ ሰው ነበረው፤ እሱ ለሁሉም ይሞላል። በእነ ድራጊሻ ቤት ያ ሰው ራዶይካ ነበረች። በሽታው ከማይደርስበት ከኮረብታው መንደር በሃያ ዓመቷ ተድራ ስትመጣ፣ የድራጊሻ አባት በሠርጓ ማግስት ለእንግዶቹ «ምራቴ ጥሎሽ አላመጣችም፤ ኩላሊት ግን ይዛ መጥታለች» ብሎ አሳቃቸው። ጠርሙሶቹ በሚሰበሰቡበት ዋዜማ ሁለት ማሰሮ ውኃ ትጠጣለች፤ ጠዋት የቤቱን ሰው አምስቱንም ጠርሙስ ትሞላለች። ውጤቱ ሲመጣ አምስቱም ንጹሕ ናቸው። አማቷ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ሞተ፤ በወረቀት ላይ ግን ጤነኛ ነበር። ከዚያ ሚስቱ። ከዚያ የድራጊሻ ወንድም። ከዚያ ድራጊሻ ራሱ፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ።

ሐኪሞችን አታምንም። ጥፋተኛውን በየዐሥር ዓመቱ ይቀይራሉ። መጀመሪያ የጉድጓዱ ውኃ ነው አሉ፤ ቀጥሎ የበቆሎው ሻጋታ፤ ቀጥሎ ከድንጋይ ከሰሉ የሚወርደው ዝቃጭ። አሁን ደግሞ በስንዴው መሀል የሚበቅል አረም ነው፤ ፍሬው አብሮ እየተፈጨ ዳቧችሁ ውስጥ ገባ ይላሉ። «ሌባ የሚያማርጥ ዳኛ» ትላቸዋለች።

ሐምሌ ላይ የራሷ ሽንት ቀይ ሆነ። ቀይ ሥር በልቼ ነው ብላ ሦስት ቀን ራሷን አታለለች፤ በአራተኛው ቀን ገበያ ላይ ወደቀችና ሰዎች ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ከዚያ ወደ ከተማው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ምስል ማንሻው። ምስል በጠርሙስ አይሞላም። ቀኝ ኩላሊቷ እንደ ዋልነት ፍሬ ደርቆ ተገኘ። የሚሠራው ግራው ብቻ ነው፤ በእሱም ሽንት በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጥላ አለ። መጥፎ ከሆነ ኩላሊቱ ይወጣል፤ ከወጣ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ነው። ወጣቱ ሐኪም ሳላረጋግጥ አላወጣም ብሎ ሽንቷን ለሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ የኔቬናን ወሰደችለት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳስባት አንድ ነገር ነበር። ኔቬና ጥቅምት ላይ ከወንዙ ማዶ ለሆነው ለራቶሚር ትዳራለች። እስከዚያ ድረስ የቤቱ ስም አይነሣ፤ ልጅቱ ንጹሕ ወጥታ ንጹሕ ትግባ። ከዚያ በኋላ በራዶይካ ላይ የፈለገው ይምጣ።

ሦስተኛው ጠርሙስ በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ወጣቱ ሐኪም ደወለ።

«ሽንትዎ ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ነው» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ጨረስን።»

«አልጨረስንም። ጥላው ምስሉ ላይ አለ። በታች በኩል በካሜራ ልንገባ ሞክረን ቱቦው እንደጠበበ ያስታውሳሉ። ስለዚህ በጀርባዎ በኩል፣ በምስል እየተመራን፣ በመርፌ ቅንጣት ሥጋ እንወስዳለን።»

«ሽንቴ ንጹሕ ከሆነ መርፌው ለምን?»

«ንጹሕ ስለሆነ ነው መርፌው።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይህን ነገር እንደ አጥንት ታኝከው ጀመር። ንጹሕ ነሽ፤ ስለዚህ እወጋሻለሁ። ይህ የምን ቋንቋ ነው? የገጠር ሰው ሥጋ ለጥናት ፈልገው ካልሆነ በስተቀር። ሆስፒታል በገባችበት ቀን ያስፈረሟት ወረቀት ደግሞ ሌላ ነገር ይላል፦ ደም ሊፈስ ይችላል፤ እምብዛም ባይሆን መርፌው ባለፈበት መንገድ በሽታው ሊዘራ ይችላል። «እኔም ገበሬ ነኝ» አለች ለነርሷ፤ «የዘሩት እንደሚበቅል አውቃለሁ።» ቢሆንም ፈረመች።

የተሰጣት ክፍል ሁለት አልጋ አለው። በሌላኛው ላይ ቪዶሳቫ የምትባል ክብ ፊት ሴትዮ ተቀምጣ የፒር ፍሬ ትልጣለች፤ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ነው የመጣችው።

«ከየት ነሽ ጎረቤት?»

«ከኮረብታው በኩል።»

«ከኮረብታው!» ቪዶሳቫ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ያለውን የራዶይካን ጫማ አየች። «ጭቃው ግን የወንዝ ዳር ነው።»

«መንገድ ላይ ረግጬው ነው።»

«ይሁን። ምንሽን ነው?»

«ጠጠር። እንዳንቺው።»

«በመርፌ ሊወጓት ነው ስትል ነርሷን ሰማኋት። ለጠጠር በመርፌ ይወጋሉ እንዴ? ለኔ ያላሳዩኝ ዘመናዊነት ነው።» አንድ ቁራሽ ፒር በቢላዋ ጫፍ ዘረጋችላት። «ብዪ እንጂ፤ መርዝ የለውም። እኔ የማዶ ሰው ነኝ። ጥቅምት ላይ በኛ መንደር ትልቅ ሠርግ አለ፤ ሙሽራዋ ከብሬስቶቫ ናት አሉ። ታውቂያቸው ይሆን?»

ራዶይካ ፒሩን ተቀበለች፤ አልበላችውም። «ብሬስቶቫ ሰፊ ነው።»

«መቶ ቤት ሰፊ ከተባለ ይሁን» አለች ቪዶሳቫ፤ ልጣጩንም ሳትቆርጥ እንደ ሪባን አወረደችው።

ራዶይካ ወደ ግድግዳው ዞረች። ራቶሚር ስንት አክስት እንዳለው በልቧ ቆጠረች፤ የምታውቃቸው ሦስት ናቸው፤ አራተኛ ትኖር እንደሁ አላወቀችም። መቃብሩን አንብበው ያልረኩ ሰዎች ሆስፒታል አልጋ ቢያስይዙ ምን ይገርማል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ ራስህ የሚወራውን የመጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ። ሌላ ቃል ላለመናገር ወሰነች፤ ቪዶሳቫ ግን ስትተኛም እያወራች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ታች አወረዷት። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። መሀሉ ላይ ትልቅ ነጭ ቀለበት ቆሟል፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ጠባብ አልጋ አለ። ዶክተር ሳቬታ አጭር ሽበታም ሴት ናት፤ ድምጿ የወንድ ያህል ወፍራም ነው።

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

«አውቃለሁ። ከአፍዎ ልስማው።»

ነገረቻት። ከዚያ «ሥጋዬ የሚገባበትን ጠርሙስ ያሳዩኝ» አለች።

ዶክተሯ ቅንድቧን አነሣች፤ ነገር ግን ትንሿን ጠርሙስ አምጥታ አሳየቻት። ራዶይካ ስሟንና የተወለደችበትን ዓመት ፊደል በፊደል አነበበች።

«ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀያየር ብዬ ነው።»

«እዚህ ማንም የማንንም አይቀይርም፣ ወይዘሮ ራዶይካ።»

ጆሮዋ ጋለ። ደግነቱ በሆዷ እንድትተኛ አዘዟት፤ ፊቷ ወደ ፍራሹ ዞረ። ከሆዷ ሥር ትራስ ከተቱ፤ ሁለቱን እጆቿን ከራሷ በላይ አስዘረጓት። ጀርባዋ ላይ መስመር መስመር ያለው ወረቀት ለጠፉ።

«ትንፋሽዎን ስልዎት ይስባሉ፤ ይይዛሉ። ሁልጊዜ እኩል መጠን። አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ከሳቡ ኩላሊቱ ከነበረበት ይሸሻል፤ እኔም የሌለበትን እወጋለሁ።»

ከዚያ ሁሉም ወጡ። ወፍራሙ በር ተዘጋ። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ድምፅ «ይሳቡ፤ ያዙ» አላት፤ አልጋው ወደ ቀለበቱ ተንሸራተተ። ሲመለሱ፣

«የት ነው የምትሄዱት?» አለች።

«ጨረሩን ሽሽት።»

«እኔስ?»

«እርስዎን ነው የሚያየው። እኛ የምን ሥራ አለን?» አለች ዶክተሯ፤ እየሳቀች በስክሪብቶ ጀርባዋ ላይ ነጥብ አደረገች። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሦስት ጊዜ ተቀባች። «አሁን ንብ ትነድፍዎታለች።» ነደፈቻት። ቀጥሎ ቦታው እንደ ሌላ ሰው ጀርባ ሆነ፤ ግፊት ይሰማታል፣ ሕመም የለም።

መርፌው በጥቂት በጥቂቱ ነው የገባው። ትንሽ ይገፋል፤ ሁሉም ይወጣሉ፤ ምስል ይነሣል፤ ይመለሳሉ፤ አቅጣጫው ይስተካከላል። እነሱ ሲወጡ መርፌው ጀርባዋ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በባዶ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ። በአራተኛው ጊዜ ዶክተር ሳቬታ ስትመለስ ድምጿ ረካ ያለ ነበር።

«ጫፉ ከጥላው ደጃፍ ላይ ደርሷል። እንግዲህ ከአሁን በኋላ አይናገሩም፤ አያስሉም፤ አይንቀሳቀሱም። ረዳቴ መሣሪያውን እስክታዘጋጅ እኔ ላውራ። ሽንትዎ ግራ አጋብቶኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ጥላ በመርፌ አንወጋም፤ በመንገዱ ላይ እንዳንዘራው እንፈራለን። መጥፎው ነገር ሽንት ላይ ከታየ ያ ከምስሉ ጋር ይበቃናል። የርስዎ ግን ሦስቴ ንጹሕ ሆነ። ሽንትዎና ምስልዎ ተጣሉ፤ መርፌው ሽማግሌ ሆኖ ነው የተላከው።»

ራዶይካ የፍራሹን ላስቲክ አየች። ንጹሕ ስለሆነ ነው መርፌው። ነገሩ አሁን ገባት። ይህን መርፌ ከቤቷ በካልሲ ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት።

«ሽንቱ አንድ ነገር ብቻ አለበት» ቀጠለች ዶክተሯ፤ ብረት ነገር ትሪ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «ትንሽ ፕሮቲን። የወንዝ ዳር መንደሮች በሽታ ሲጀማምር የሚታየው ዓይነት። እንደ እርስዎ ላለ ኩላሊት ግን በጣም ትንሽ ነው፤ አሁን ገና የጀመረው ሰው ያህል። ለባልደረባዬ፣ ይኼ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ሽንት ይመስላል ብዬ ቀለድኩበት።»

ረዳቷ «ዝግጁ ነው» አለች።

«ይሳቡ። ያዙ።»

ሳበች፤ ያዘች። እኩል መጠን መሆኑን አላወቀችም። የአይጥ ወጥመድ ሲዘጋ እንደሚጮኸው ከጀርባዋ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ይተንፍሱ። ጎበዝ። ሁለት ይቀሩናል።»

ልትጮህ ፈለገች፤ አትናገሪ ተብላለች። ልትነሣ ፈለገች፤ መርፌ ይዟታል። ይሳቡ፤ ያዙ፤ ቀጭ። ይሳቡ፤ ያዙ፤ ቀጭ። በሕይወቷ እንዲህ አድርጎ ዝም ያሰኛት ሰው አልነበረም።

ወደ ክፍሏ ሲመልሷት በጀርባዋ አስተኝተው ስድስት ሰዓት እንዳትነሣ አዘዙ። ነርሷ ፖፖ ከሥሯ አስገባች። የወጣው ደም የተቀላቀለበት ሽንት ነበር፤ ነርሷ አይታ «ለመጀመሪያው ቀን የሚጠበቅ ነው» አለችና ጥቂቱን በጠርሙስ ቀድታ ወሰደችው። ራዶይካ ጠርሙሱ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ በዐይኗ ሸኘችው።

ከዚያ ጣሪያውን እያየች ማሰብ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ወጥመድ የሚል ነው። ዶክተሯ ብልህ ናት። ጠርጥራለች፤ በተኛሁበት መረብ ጣለችብኝ። የሃያ ዓመት ልጃገረድ ያለችው ፊቴን ለማየት ነው፤ ፊቴ ግን ወደ ታች ነበር። ዝም ካልኩ ምንም አታውቅም። ጥቅምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

ቀጥሎ የኔቬና መዳፎች መጡባት። ከሰኔ ወዲህ የነሐስ ቀለም ይዘዋል። ቃሪያ ስትጠብስ ነው፣ ፀሐይ ነው ብላ ነበር። ድራጊሻም እንደዚያ ነበር የጀመረው፤ ያኔም ፀሐይ ነው ብላለች። ከዚያ የልጅቱ ድካም፤ ደረጃ ስትወጣ መቆሟ፤ ጠዋት እግሯን መጎተቷ። የሠርግ ሐሳብ ነው ያደከማት ብላ በጎረቤት ፊት ስቃባታለች።

ወጥመድ ከሆነ ዝምታ ያድናል። እውነት ከሆነ ዝምታ ይገድላል። የትኛው እንደሆነ ከጣሪያው ላይ ልታነብ ሞከረች። አርባ ዓመት ሊሆናት ነው ሰው ሲያናግራት ከቃሉ ጀርባ ሌላ ቃል እየፈለገች ስትኖር፤ ዛሬ ግን ከጀርባው ያለው ቃል ከፊቱ ካለው የከፋ አልሆነም።

«ምሳሽን አልበላሽም ጎረቤት» አለች ቪዶሳቫ። «የዶሮ ሾርባ ነው፤ ዶሮዋ በላዩ ዘልላ ብቻ ያለፈች።»

«አልራበኝም።»

«ልጅ አለሽ?»

ራዶይካ ዐይኗን ጨፈነች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዶክተር ሳቬታ መጣች። ፋሻውን አየች፤ የደም ግፊቱን ጻፈች። «መልካም ነው። የሥጋው ውጤት በዐሥር ቀን ይደርሳል» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«ዶክተር።»

«አቤት።»

«ያ ፕሮቲን ያሉት እውነት ነው ወይስ ሊያወጣጡኝ ነው?»

ዶክተሯ ተመለሰች። «ምን ነገር ላወጣጣ?»

ቪዶሳቫ ፒር እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ራዶይካ ወደ እሷ አየች። ቪዶሳቫ ብርድ ልብሷን ተከናንባ እንዳልሰማች ልትመስል እንኳ አልሞከረችም፤ ዐይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች። ራዶይካ ተነሥታ ወደ ኮሪደር መውጣት አይፈቀድላትም፤ ዶክተሯም አልጋው ግርጌ ነው የቆመችው፤ ሹክሹክታ እዚያ አይደርስም።

«ሽንቱ የኔ አይደለም» አለች።

«የማን ነው?»

«የልጄ።»

ዶክተር ሳቬታ የያዘችውን ሰሌዳ ዝቅ አደረገች። ራዶይካ ስድብ ጠበቀች፤ ሴትዮዋ ግን መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሃያ አራት። ሕመም የላትም። ትስቃለች፣ ትጨፍራለች።»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። የምትበሉት ዱቄት የራሳችሁ ነው?»

«የራሳችን ማሳ፣ የራሳችን ወፍጮ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አትብላው። ከሱቅ ይገዛላት።» ዶክተሯ ግንባሯን በሁለት ጣቷ አሸች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለውን አድራሻ አይታ ድንገት ቀና አለች። «ከብሬስቶቫ ነሽ አይደል? የእነ ድራጊሻ ቤት። ወይኔ! ያን ቤት እኮ አውቀዋለሁ። ገና ተማሪ ሳለሁ በመኪናው እመጣ ነበር። አምስት ሰው፣ ዐሥር ዓመት፣ ሁሉም ንጹሕ። መምህራችን የታመሙትን ቤቶች ከእናንተ ቤት ጋር ያስተያይ ነበር። ምን በልተው ዳኑ፣ ከየትኛው ጉድጓድ ጠጡ እያለ ሲጠይቅ ኖረ።» ትንፋሿን አወጣች። «ጠርሙሶቹን ማን ነበር የሚሞላው?»

«እኔ።»

«የሁሉንም?»

«ከኮረብታ የመጣሁ ነኝ። ንጹሕ ነበርኩ።»

ዶክተሯ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስትናገር ድምጿ ከጠዋቱ ቀጥኖ ነበር። «እኔ አሁን ልቆጣሽ ይገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት በማያስፈልግ መርፌ ጀርባሽን ወጋሁ። ግን ያንን ጠርሙስ ባታመጪልኝ ልጅሽን ማንም አይመረምራትም ነበር። እንዴት አድርጌ እንደምቆጣሽ አላወቅሁም።»

«ትድናለች?»

«የጀመረውን አናጠፋውም። ግን በየስድስት ወሩ ካየናት፣ ዱቄቱን ከተወች፣ ዕጢ ቢመጣ እንኳ ገና በጠዋቱ እንይዘዋለን። እናንተ ጋ የገደለው ዘግይቶ መምጣት ነው። ሐሙስ ትምጣ። በስሟ ነው የምትመጣው፤ በራሷ ስምና በራሷ ጠርሙስ።»

«ጥቅምት ላይ ትዳራለች።»

«ትዳር ታዲያ። እኔ ሠርግ አልከለክልም።»

«እርስዎ አይከለክሉም» አለች ራዶይካ።

ያን ጊዜ ቪዶሳቫ ከአልጋዋ ወረደች። ቢላዋውን በመሐረብ ጠረገች፤ ተንሸራታች ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች፤ ስልኳን ከትራሷ ሥር አነሣች። በራዶይካ አልጋ አጠገብ ስታልፍ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሐሳቧን ቀይራ ወጣች። የጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄደ። ራዶይካ ጆሮዋን ቀስራ ተከተለችው። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የሰማችው ቃሉ የማይለይ የሴት ድምፅ ነው። ለማን እንደምትደውል ማወቅ አይቻልም። ምናልባት ለልጇ ነው። ምናልባት ለእህቷ። ምናልባት የራቶሚር እናት አሁን ወጥ ቤቷ ውስጥ እጇን በሽርጥ እየጠረገች ስልኩን ታነሣ ይሆናል።

ዶክተር ሳቬታ ከሰሌዳዋ ላይ አንድ ቅጽ ነቅላ ሰጠቻት። «ይህን ለልጅሽ ሙዪላት። ከታች ስለ ቤተሰብ የሚጠይቅ አለ፤ እሱን አትዝለዪው። ከልጅሽ ይልቅ እኔ ነኝ የምፈልገው።»

«ዛሬውኑ?»

«ዛሬውኑ። ነገ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ፤ አውቃችኋለሁ።»

ዶክተሯ ከወጣች በኋላ ራዶይካ መጀመሪያ ለኔቬና ደወለች።

«እማዬ! አመመሽ?»

«አላመመኝም። ስሚ፤ ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ ትመጫለሽ። ሳትሸኚ ነይ።»

«አሁንም ላንቺ?»

«ለራስሽ።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲንጫጫ ተሰማ።

«ራቶሚርስ?» አለች ኔቬና በመጨረሻ።

«ማታ አንቺው ንገሪው። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። ምናልባት እስከ ማታ አይቆይ ይሆናል፤ አሁን ሂጂና ንገሪው።»

«እሺ።»

«ደግሞ ከማድጋው ዱቄት እንዳትነኪ።»

«ሊጥ አቡክቻለሁ እኮ።»

«ድፊው።»

ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠችና ቅጹን ከፍ አድርጋ ያዘች። በጀርባ ተኝቶ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ስክሪብቶው ወደ ላይ ሲሆን ቀለሙ ይሸሻል። በየሁለት ቃሉ ወደ ታች ዘቅዝቃ ታራግፈዋለች። ስም፦ ኔቬና። የተወለደችበት ዓመት። መንደር፦ ብሬስቶቫ። በዚህ ቤት በኩላሊት በሽታ የሞተ ሰው አለ? ካለ ስምና ዕድሜ። ለመልስ የተተወው ሁለት መስመር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ላይ አማቷንና ሚስቱን ጻፈች፤ በሁለተኛው የድራጊሻን ወንድም። ለድራጊሻ ቦታ አጣች። ከመስመሩ ሥር፣ በኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ስሙንና ሃምሳ አራት የሚለውን ቁጥር ጻፈች፤ ልብ የሚለውን ቃል አልጻፈችም።

ቅጹን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስክሪብቶውን ከደነች፤ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ከአልጋው አጠገብ ባለችው ቁምሳጥን ላይ፣ ነርሷ በምታየው በኩል አስቀመጠችው።